የፍንጭቷ መልስ

ሐሙስ ጠዋት ታምራት ከናይሮቢ ሌላኛው ጫፍ፣ ከካሳራኒ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳን አላስጨረሰኝም።

«ተስፍሽ፣ ሰማህ? ፍንጭቷ የሕይወት ታሪኳን ጽፋለች! በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ርእሱን ብነግርህ አታምንም፤ ‹ትንሿ መስኮት› ነው የሚባለው። ያንተ ቃል እኮ ነው! መልስ ባትጽፍልንም ደብዳቤያችን ደርሷት ነበር ማለት ነው!»

እኔ ኪሊማኒ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። «ደስ ሲል!» አልኩት። ደስ አላለኝም። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን ሻይ ደፋሁትና ቁጭ አልኩ።

ፍንጭቷ የምንላት ዛሬ ሰማንያን ያለፈች የህንድ ፊልም ተዋናይ ናት። ስሟ ለአፋችን አልመች ስላለን በጥርሷ ጠራናት፤ ከላይ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሃል የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ ክፍተት ነበረቻት። እኔና ታምራት በሞያሌ ተሻግረን ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ አንድ ክፍል ስንከራይ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነን ነው። እሷ ያኔም የድሮ ተዋናይ ነበረች። መሃል ከተማ ያለ አንድ ሲኒማ ቤት እሑድ ከሰዓት የቆዩ ፊልሞቿን በርካሽ ያሳያል። ከቸርች ወጥተን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንን በብብታችን ሸጉጠን፣ ሽማግሌዎቹ እንዳያዩን በጓሮ መንገድ ዞረን እንሄዳለን። ስንደርስ በሎሚና በሚጥሚጣ የታሸ የተጠበሰ በቆሎ እንገዛለን። እስከ ዛሬ ያ በቆሎ ሲሸተኝ ሳቋ ይመጣብኛል።

ወደድኳት። ችግሩ፣ ታምራትም ወደዳት፤ ያውም ያለ ምንም ጭንቀት፣ ሲኒማ ቤቱን ሙሉ የሚያስቅ ሳቁን እየለቀቀ። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ፣ እንግሊዝኛ የምችል ሰው ነኝ፤ እሱ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ ልብስ ሰፊ የሆነ። እንዴት እኩል ይወዳታል እያልኩ እቃጠል ነበር። እሱ ደግሞ የገባው ይመስል፣ ፊቴ በጠቆረ ቁጥር እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ምቀኛ አታሳጣኝ!» እያለ ይስቃል።

አንድ ቀን አድራሻዋን ከአሮጌ መጽሔት ላይ አገኘሁና ደብዳቤ ልጽፍላት ተነሣሁ። ታምራትም ለኔም ጻፍልኝ አለ። የእኔው አራት ገጽ ሞላ፤ ጨረቃው፣ ዕንቁው፣ ከመዝገበ ቃላት ያላወጣሁት ውበት አልነበረም። እሱ ግን መቀሱን እንኳን ከእጁ ሳያስቀምጥ ነበር ያስጻፈኝ።

«እናቴ ፍንጭት ናት በላት። ስትስቂ እሷን አያለሁ በላት። አደራሽን፣ ሐኪም እንዳይደፍንብሽ በላት።»

«ይሄ አሁን ለኮከብ የሚጻፍ ነው?»

«ሌላ የምለው የለኝማ።»

ፍንጭትን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምጽፋት ግራ ገባኝ። መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠኝ ለተሰነጠቀ ግድግዳ የሚሆን ቃል ነው። እኛ ዘንድ ሙገሳ የሆነውን ነገር ስድብ አድርጌ ልልክ ነው ብዬ ፈራሁ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «በጥርሶችሽ መሃል ያለችው ትንሽ መስኮት» ብዬ ጻፍኩለት። ቃሏን ለራሴ አለማድረጌ የቆጨኝ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ ነው።

መልስ የሚመጣው እኔ በምሠራበት የጨርቅ መደብር ፖስታ ሳጥን ነበር፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ። ሐምሌ ነበር። ናይሮቢ በሐምሌ ሰማይዋ ዝቅ ይላል፤ ሰው ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባል። ሳጥኑን ስከፍት የህንድ ቴምብር ያለበት ፖስታ አገኘሁ። አንድ ብቻ። ላዩ ላይ የታምራት ስም።

ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ቀደድኩት። አፏን ከፍታ የምትስቅበት ፎቶ ነበር፤ ጀርባው ላይ በእጇ የተጻፈ፦ «ፊልም ሠሪዎቹ ጥርሴን እንዳስደፍነው ሲለምኑኝ ኖረዋል። ለእናትህ ንገርልኝ፤ መስኮቷ አትዘጋም።»

ቀናሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። የእኔ እስኪመጣ ልያዘው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አሳየዋለሁ አልኩ። ሐምሌ አለፈ፤ የጃካራንዳው አበባ ፈንድቶ መንገዱ ላይ ረገፈ፤ የእኔ አልመጣም። ከሥራ ስገባ ታምራት ፊቴን አይቶ ያጽናናኛል።

«ያንተማ አራት ገጽ ነው፤ አንብባ እስክትጨርስ ነው። አይዞህ።»

ቀኑ በሄደ ቁጥር መስጠቱ ከመደበቁ የባሰ አሳፋሪ ሆነብኝ። በሦስተኛው ዓመት የታምራት እናት አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ አረፉ። ለቅሶውን አብሬው ተቀመጥኩ፤ ከልቤም አለቀስኩ። የመጣው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጠን አለ። ለእሳቸው የተላከው መልእክት ሻንጣዬ ውስጥ ነበር።

ዛሬ ፖስታውን ከቁም ሣጥኑ ጥግ አወጣሁት። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። በሚቀጥለው ወር ታምራት መጽሐፉን ልጁን አስነብቦ ይሰማዋል፤ ርእሱን ከደብዳቤው ከወሰደች መልስ እንደጻፈችለትም ሳታነሣ አትቀርም፤ እዚያ ሊያገኘው ነው። ከእሷ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ መልሼ ደወልኩለት።

«ነገ ልመጣ ነው። የምሰጥህ ነገር አለ።»

«ካሪቡ፣ ቤትህ ነው! ማታቱ ታክሲ ያዝና ሃራካ፣ ቶሎ ና፤ ምሳ አብረን እንበላለን» አለኝ። «ደግሞ መጽሐፉን ሁለት ነው የምናዘው፤ ያንተው ላይ ‹የቃሏ ባለቤት ተስፋዬ› ብዬ እጽፍበታለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምቀኛ አታሳጣኝ ሲል ጸሎቱ ተሰምቶለት ኖሯል፤ ምቀኛው ከአንድ ትሪ አብሮት ሲበላ የኖረው እኔ ነኝ። ይቅር ይለኝ እንደሆነ አላውቅም። ስለ እናቱ ሲያስብ ዝም እንደሚል ግን አውቃለሁ፤ የምፈራውም ያንን ዝምታ ነው።

ፖስታውን የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ መልሼ አወጣሁትና ፎቶውን ገልብጬ፣ ጥግ ጥጉን በመነጽር ፈለግሁ፤ «ለጓደኛህም ሰላም በልልኝ» የሚል ነገር ያኔ አምልጦኝ እንደሆነ ብዬ።