እህቴን የገደላት የምታጠናው ባክቴሪያ አይደለም

መሲ ሞተች። እስካሁን ጮክ ብዬ አላልኩትም። ስጽፈው ራሱ የሌላ ሰው እህት ትመስለኛለች። ትናንት ከሰዓት ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና የባዮሎጂ ፈተናዬ እንዴት እንደነበር ጽፋ ጠይቃኛለች። ጠዋት እመልስላታለሁ ብዬ ተውኩት።

ጀሞ፣ ከብሎካችን ሥር ድንኳን ተተክሏል። ይህን የምጽፈው እዚያ በሚወራው ነገር ምክንያት ነው። "ላቦራቶሪ ስትሠራ ጀርም ያዛት" እየተባለ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ለእማዬ የጻፈችበት ወረቀት ሳይቀር ያስተላልፋል ብላ ነገረቻት። እማዬ የመሲን ነጭ ጋዋንና ሦስት ደብተሮቿን ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ እንዲቃጠሉ ደጅ አስወጣቻቸው።

ስለዚህ ላስረዳ። አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ የማውቀው እሷ የነገረችኝን ብቻ ነው።

መሲ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው በባክቴሪያ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ነበር። ባክቴሪያው በሽታ የማያመጣ፣ ለላቦራቶሪ የሚራባ ዘር ነው። ቁራጩ ለመዝለል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ደግሞ ከዲ ኤን ኤው የተገለበጠውን መልእክት ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል።

ይህን ያስረዳችኝ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ነን። ደረጃውን ሦስት ሦስት እየቆጠረች ወጣችና መሃል ላይ ቆመች። እዚህ ጋ መልእክቱ ተጣጥፎ መንገድ ይዘጋበታል፣ ራይቦዞሙ ይቆማል አለችኝ። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ሦስት ሦስት መቁጠር ጀመረች። አንድ ፊደል ብቻ ወደ ኋላ ስለተንሸራተተ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ካልተንሸራተተ አጭር ፕሮቲን ይሠራል፤ ያ ዝላዩን ያግዳል። ከተንሸራተተ ረጅሙ ይሠራል፤ ቁራጩን ቆርጦ የሚያዘልለው እሱ ነው። የሚንሸራተተው አልፎ አልፎ ነው። መንሸራተቱ ቢበዛ ቁራጩ በየቦታው እየገባ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል። ጨርሶ ባይኖር ደግሞ ቁራጩ ባለበት ይቀራል።

"ታዲያ ስህተት ነዋ" አልኳት።

"ስህተት አይደለም ማሙሽ፣ መጠን ነው።"

ከዚያ ወዲህ ይቺ አባባል አመሏ ሆነች። እሁድ ቸርች ስትቀር ለእማዬም ይህንኑ ትላት ነበር። እማዬም መጠኗን ሄዳ ለፓስተሩ እንድታስረዳ ትነግራት ነበር።

የዚያን ቀን ደረጃው ላይ ሳለን፣ ከታች ፎቅ ያሉት ጋሽ ታደሰ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲያልፉ "ምነው ልጆች፣ መውጣትና መውረዱ ተምታታባችሁ?" አሉን። መሲ ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችም። ትንፋሽ አልነበራትም። በየፎቁ እየቆመች የምታስተምረኝ ትንፋሿን ለመሰብሰብ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

መሲ ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ቫልቭ ችግር ነበረባት። ሰው በሽተኛ ብሎ እንዲያዝንላት ስለማትፈልግ ለማንም እንዳንናገር አድርጋን ነበር። የገደላት ልቧ ነው።

እማዬ ይህን ታውቃለች። ግን ዛሬ የምትወቅሰው ነገር ያስፈልጋት ነበር፣ ደብተሮቹ ደግሞ ቅርቧ ነበሩ። ሳይቃጠል ደርሼ ማዳበሪያውን ከደጅ ይዤ ስመለስ "አንተንም ይውሰድህ?" አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አንዱን ደብተር ገለጥኩላት። ራይቦዞሙ ምን ያህል እንደሚንሸራተት የለካችበት ነው፤ የሁለት ዓመት ሥራ፣ በእጅ ጽሑፏ።

"ልቧ ነው እማዬ። ይሄ ሥራዋ ነው።"

ደብተሩን አልነካችውም። ይቃጠል ብላም አልደገመችም።

አሁን ደብተሮቹ እኔ ጋ ናቸው። አብራት የምትሠራው ሄለን ከቀብር በኋላ ትወስዳቸዋለች። የመጨረሻዎቹ ውጤቶች ሌላ ቦታ አልተጻፉም። ወደ ድንኳኑ የምትመጡ፣ እባካችሁ እማዬ አጠገብ ስለ ጀርም አታውሩ።

መሲ፣ ስለ ልብሽ እንዳልናገር ቃል አስገብተሽኝ ነበር። ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርኩ። ማዳን የምችለው ወይ ምስጢርሽን ወይ ደብተርሽን ነበር። ብትቆጪኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።