ሥሩን አፈር አታልብሺው

ደብረ ብርሃን ቤቴ መስኮት ላይ ያስቀመጥኩትን ኦርኪድ ውኃ ሳጠጣ፣ የረጠበው ቅርፊት ሽታ ወደ ልጅነቴ አንኮበር ይመልሰኛል።

አክስቴ እንዲህ ዓይነት አበባ ነበራት። ጫካ ውስጥ ከወደቀ ዛፍ ላይ አንስታ፣ ቅርፊት በሞላ ቅርጫት ተክላዋለች። ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው አሳዘነኝና አፈር ላለብሰው ዘገንኩ። እጄን ለቀም አድርጋ ያዘችኝ።

«ተይ ልጄ! ይሄ የሚተነፍሰው በሥሩ ነው። አፈር ከጫንሽበት ታፍኖ ይሞታል። ውኃም ቢሆን ሲደርቅ ብቻ ነው የሚጠጣው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ቤት ድረስ ገብቶ ነበር። አባቴ ታሞ ጓዳ ተኝቷል፤ ትንፋሹ ሲጥ ሲጥ ይላል። ጎረቤቶች ብርድ እንዳይመታው ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ደራረቡበት። አክስቴም የራሷን ጋቢ አውልቃ ከላይ ጨመረችበት። እኔ ቅርጫቱን አቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ ሊታፈን ነው ብዬ ልጮህ ፈለግሁ፤ ግን ቅርጫቱን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት።

አሁንም ውርጭ ሲሆን ልጄ «እማዬ፣ ደርቢልኝ» ትለኛለች። እደርብላታለሁ። ከዚያ ትንፋሿን እስክሰማ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልልም።