ድምፅ የሚያቆይ ወፍ

ቡርሀን ዘወትር ማለዳ ጨርቁን ከወፎቹ የሽቦ ቤት ላይ ገፍፎ በሻከረ ድምፁ፣ "ሸሪፋ፣ በሩን ክፈቺ" ይላል። ሁለቱ በቀቀኖች እርስ በርስ ይንጫጫሉ እንጂ ቃሉን አይደግሙለትም።

ዓባይ ማዶ ታንኳ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ሐኪሞች የጉሮሮው ነቀርሳ ከነድምፁ ተቆርጦ እንደሚወጣ ሲነግሩት፣ ድምፁን ለሚስቱ ለሸሪፋ የሚያቆይላት ወፍ ፍለጋ ቁንዝላ ድረስ ሄደ። ወፍ አጥማጁ ገና ላባው ያልጠና ጫጩት መረጠለት።

"ያወራል?"

"ብቻውን ካኖሩት ያወራል፣ ጋሼ።"

ቡርሀን ግን ፍጡርን ያለ ጓደኛ መቆለፍ ግፍ መስሎ ስለታየው፣ አብሮት የተፈለፈለውንም ጨምሮ ገዛ።

"ስንቴ ነገርሁት፤ አይሰማኝም" አላት ትናንት ሸሪፋን።

"ጓደኛ እያለው አንተን ምን ብሎ ይሰማል? አንዱን ለሱምያ እንስጣት።"

"የቀረውም ካልተናገረ፣ እኔ ዝም ስል ከማን ጋር ልታወሪ ነው?"

"አንተ ዝም ስትል ነው የማርፈው" አለችው። ሁለቱም አልሳቁም።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታቸው ሱምያ አንዱን ወሰደች። የቀረው ጥግ ይዞ ተኮራምቷል፤ እህልም አልቀመሰ። ቡርሀን አጠገቡ ተቀምጦ ያንኑ ቃል ይደጋግምለታል።

ሐሙስ ሆስፒታል ይገባል።