በንጉሡ ሠ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ በእናታችን ቀሚስ የተነሣ ከእህቴ ጋር መኳረፌን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላቸዋለሁ። ሌላ አለ። አንዲት ሴት አምናኝ ፊደል ጠየቀችኝ፤ እኔም እያወቅሁ አሳሳትኳት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ስትሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ አይደለም።

ስሜ ሙሉ ይባላል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በስፌት ነው የምተዳደረው። ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር የእኔ ሥራ አይደለም፤ የእኔ የድግስና የበዓል ነው። ለክርስትና የሕፃኑ ስም የተጠለፈበት መጠቅለያ፣ ለሙሽሮች የሁለቱ ስም ያለበት የትራስ ልብስ፣ ለተመራቂ ጋዋን ላይ የሚደረብ ስካርፍ፣ ብቻ ሰው ለሰው «ለአንተ ብዬ ነው ያሠራሁት» ብሎ የሚሰጠውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምሠራው። ከዙሪያው ከተሞች፣ ከሮብ ገበያም ከቁይም ይመጡልኝ ነበር። በዚያ ላይ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ራሳቸው ናቸው። በቤታችን ወጥ ማሳረር ይታለፋል፤ ፊደል መሳት ግን አይታለፍም ነበር። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ «ሙሉ የጠለፈችው ስም ስሕተት የለበትም» ይላል። በዚህ እኮራ ነበር። ጥልፌ ራሱ ያን ያህል እንዳልነበረ ያወቅሁት አስቴር ከመጣች በኋላ ነው።

የአስቴር ባል ነርስ ነው፤ እዚህ ሲመደብ ከሆሳዕና ተከትላው መጣች። ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ክፍል ተከራይታ የእግር ስፌት መኪናዋን አስገባች። በመጀመሪያው ቀን መጥታ ሰላም አለችኝ። በዕድሜ በጣም እበልጣታለሁና «እታለም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ጴንጤ ናት። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ስለሚመጣ ነው እንጂ ያኔ እኔን ያንገበገበኝ ሃይማኖቷ አልነበረም። እጇ ነበር።

እጇን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ፊቱን አይቶ አይፈርድም፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ክሩ የተቋጠረበት፣ የተዘለለበት፣ የተድበሰበሰበት ሁሉ የሚታየው እዚያ ነው። የእሷን ስንት ጊዜ ገለበጥኩት። ጀርባውም እንደ ፊቱ ነው። አንድ ቋጠሮ ላገኝባት ስል ዐይኔ ደከመ። ደግሞ አጠያየቋ። እኔ ደንበኛ ሲመጣ «ስሙ ማነው? ለመቼ ነው?» ብዬ እሸኘዋለሁ። እሷ ታስቀምጠውና «ልጁ ምን ይወዳል? አባቱ ምን ይሠራል?» ትለዋለች። ለሾፌር ልጅ መጠቅለያ፣ ጥጉ ላይ ጥፍር የምታህል ጎማ ትጠልፍለታለች። ለሮብ ገበያዋ ሙሽራ የአባቷን ገብስ በትራሱ ዳርና ዳር ጠልፋላት ልጅቷ አልቅሳ ወሰደችው አሉ። በእኔ ሥራ ማን አልቅሶ ያውቃል?

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም፤ ቀናሁ። መንገዱን አቋርጠው ወደ እሷ የሚገቡትን ከመኪናዬ ቀና እያልኩ አያቸዋለሁ። ዐይን ለዐይን ከተጋጠምን «ደኅና ዋልሽ ሙሉ» ይሉና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። እኔም «ደኅና ዋላችሁ» ብዬ መኪናዬን መርገጥ እቀጥላለሁ። የእህቴ ልጅ እንኳ ስትመረቅ ስካርፏን እሷ ጋ አሠርታ «አክስቴ እንዳትሰማ» ብላ ኖሯል። የምረቃው ቀን ከትከሻዋ ላይ ሳየው የማን እጅ እንደሆነ ከሩቅ ለየሁት። ያን ቀን ሙሉ ስስቅና እልል ስል ውዬ ቤቴ ስገባ ጉንጬን አመመኝ።

የሚብሰው ደግሞ ትወደኝ ነበር። ክር ሲያልቅብኝ ታቀብለኛለች፤ ጉንፋን ሲጥለኝ ሱቄን ከፍታ ደንበኛዬን ታስተናግድልኛለች። ምናለ ክፉ በሆነች? ክፉ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት አርፍ ነበር።

ነገሩ የተነሣው በማርያም የጽዋ ማኅበራችን ነው። አባቴን ሳይቀር ያስተማሩት የኔታ አርጅተው ከአገልግሎት ሊያርፉ ሆነ፤ ማኅበሩም ማመስገኛ ሊሰጣቸው ወሰነ። ስጦታው የዳዊታቸው ማኅደር፣ የመጽሐፉ መያዣ ነው፤ ከቀይ ከፋይ የሚሰፋ፣ በወርቅማ ክር «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚል የሚጠለፍበት። እኔ ከፋዩን በልቤ መቁረጥ ጀምሬ ነበር። የማኅበሩ እናት እትዬ ዘርፌ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው «አንቺማ ሥራ ይበዛብሻል፤ ያችኛዋ ትሥራው» አሉ። ሥራ እንደማይበዛብኝ እርሳቸውም ያውቃሉ፤ የተቀመጠው ሴት ሁሉ ያውቃል። የማኅበሩ አባል እኔ፣ የመሪጌታ ልጅ እኔ፣ የየኔታን ጉልበት ስሜ ያደግሁት እኔ። ሥራው ግን ለእሷ። «ጥሩ ነው» አልኩ። ምን ልበል?

በማግስቱ አስቴር ከፋዩን በእንጨት ቀለበት ወጥራ፣ ጠመኔ ይዛ ሱቄ መጣች። የሚጠለፈውን የነገሯት በአፍ ነበር።

«እታለም፣ ሰአሊ ሲባል በየትኛው ሰ ነው? እነሱ ዘንድ ፊደል ብስት ነውር ነው፤ አንቺ ደግሞ ታውቂዋለሽ» አለችኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሁለት ሰ አለን፤ ጆሮ አይለያቸውም። አንዱ እሳት የሚጻፍበት ስለሆነ እሳቱ ሰ ይባላል፤ ሌላው ንጉሥ የሚጻፍበት ስለሆነ ንጉሡ ሠ። «አ» የሚለው ፊደልም እንዲሁ ሁለት ነው፤ አንዱ አልፋው አንዱ ዐይኑ። በግዕዝ ይህ ቃል በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ «ለምኝልን» ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ግን «ሥዕል ሣዪልን» ይሆናል። አባቴ ይህን ያስተማሩኝ የራሴን ስም መጻፍ ከመቻሌ በፊት ነው።

ዐይኗን እያየሁ «በንጉሡ ነው» አልኳት።

እዚህ ላይ ባቆም አንድ ፊደል ተሳተ ተብሎ ይታለፍ ነበር። አላቆምኩም። «አ የሚለውም በዐይኑ ነው» ብዬ ጨመርኩላት። ይህም አልበቃኝ ብሎ ጠመኔውን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ከፋዩ ላይ ጻፍኩላት፤ እንደ አባቴ ፊደል ቀጥ ያለ፣ ያማረ። ተሳስቼ ነው እንዳልል ሁለቱንም አሳስቻለሁ። ስቸኩል ነው እንዳልል ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። አስቴር «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች።

ሠርታ ስትጨርስም መጀመሪያ ያሳየችው ለእኔ ነበር። ጠመኔው ተራግፎ የእኔ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የቀረው የእሷ ክር ነው። እንደ ልማዴ ገለበጥኩት፤ ጀርባውም ያው እንደ ፊቱ ነው። ያን ጊዜ «ቆይ፣ ተሳስቼብሻለሁ» ብላት ማንም አያውቅብኝም ነበር። ፈትታ መልሳ ለመሥራት ጊዜም ነበራት። «እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

የስጦታው ዕለት የደብሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። እትዬ ዘርፌ ማኅደሩን በሁለት እጃቸው አቀረቡ፤ ሴቱም እልል አለ። የኔታ ተቀብለው ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት። ከዚያ ፈገግ ብለው «እናቶቼ፣ እመቤታችንን ለምኝልን ነው የሚባል። እናንተ ሥዕል ሣዪልን ብላችኋታል። ይሁን፣ ትሣልልን» አሉ። ደባትሮቹ በሳቅ ፈረሱ። የኔታ ለጨዋታ ነው ያሉት፤ አልተቆጡም። የእትዬ ዘርፌ ፊት ግን በአንድ ጊዜ ደም መሰለ።

በማግስቱ አስቴርን እትዬ ዘርፌ ቤት አስጠሯት። ሁላችንም ነበርን። «አንዱን ፊደል ብትስት ባልገረመን ነበር» አለች አንዷ፤ «ሁለቱን አጋጥማ ሌላ ቃል ማውጣቷ ሆን ብላ ነው። ለምኝልን ማለት ሃይማኖቷ አልፈቀደላትማ።» ይህ ሲባል ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። እዩልኝ እንግዲህ፤ ሁለተኛውን ፊደል የጨመርኩት እኔ፣ በእሱ የተፈረደባት እሷ። ሃይማኖቷን አስቤ አልነበረም፤ ይህን በእውነት እናገራለሁ። ግን ሲያነሡት ስሰማ አልደነገጥኩም። ተመቸኝ።

እትዬ ዘርፌ «ማን ነው እንዲህ ጻፊ ያለሽ?» ብለው ጠየቋት። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። በቃ፣ አሁን ትናገራለች ብዬ ምክንያቴን ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ አላልኩም ልላት፣ በእግዜር ስም ልምልባት ሁሉ ተሰናድቼ ነበር። እሷ ግን ዐይኗን ከእኔ መልሳ «ማንም አላለኝም እትዬ። የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ፈትቼ በነጻ እሠራዋለሁ» አለች። አላሠሯትም። እኔም ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ብዙ አያስፈልግም። ለክርስትና የሚያሠራ እሷ ጋ መሄድ ተወ፤ ለሠርግ የሚያሠራም ተወ። በሯ ላይ ቆሞ የሚሰድባት እንኳ አልነበረም፤ ዝም ብለው ነው የተዉአት። ያዘዙትንም ሳይወስዱ የቀሩ ነበሩ፤ ስም የተጠለፈበትን ዕቃ ለሌላ ሰው አይሸጡት ነገር፣ መስኮቷ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ጨረሰው። ባሏ ዝውውር ጠየቀ። እኔ ደግሞ ሥራ በዛብኝ። እትዬ ዘርፌ ማኅደሩን እንደገና ያሠሩት እኔ ጋ ነው። በእሳቱ ሰ ጠለፍኩት። «የመሪጌታ ልጅ እያለችልን!» ተባለልኝ፤ ተመረቅሁም።

አስቴር ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ መጣች። አቀፈችኝ። «ያን ነገር በልብሽ እንዳትይዢው እታለም» አለችኝ፤ «ሰው ነሽ፣ ተሳስተሽ ነው። የመሪጌታ ልጅ ፊደል ሳተች ብለው እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔማ እንግዳ ነኝ፣ እሄዳለሁ፤ አንቺ ግን ከእነሱ ጋር ነው የምትኖሪ።» እኔን ልታድን ነው ጥፋቱን የተሸከመችው። ተንኮል ይሆናል ብላ ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረችኝም። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ክንዷ አንገቴ ላይ እያለ፣ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ጸጸት ነው ብላችሁ እንዳትራሩልኝ። ደግነቷም ከእኔ በለጠ ብዬ ቀናሁ።

አስቴር አሁን ተመልሳ ሆሳዕና ናት። እጇ እዚያም አልጠፋም፤ ሱቅ አላት፤ ጥልፍ የምታስተምራቸው ልጃገረዶች አሏት። በበዓል በበዓሉ ትደውልልኛለች፤ አማርኛ ጽሑፍ ሲታዘዝባትም ፊደሉን የምትጠይቀው እኔን ነው። አዎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ። «አንድ ጊዜ መሳሳት ያለ ነው» ትላለች። ለልጆቹም «ደብረ ማርቆስ መምህር አለችኝ» ብላ ታወራላቸዋለች አሉ። አሁን በትክክል ነው የምነግራት፤ አንድም ቀን ዳግመኛ አላሳሳትኳትም። ይህን እንደ ካሳ ልቆጥረው ሞክሬ ነበር። ካሳ አይደለም።

እውነቱን ብነግራት ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ። እንግዲያ ለምን አልነግራትም? ፈርቼ ነው ብል በቀለለኝ። ያች እጅ ያላት ሰው «መምህሬ» ስትለኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። በሕይወቴ ያን ያህል የቀናሁበት ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ ታከብረኛለች፤ ይህን ማጣት አልፈልግም። ያኔ ደንበኞቿን ቀማኋት፤ ዛሬ ደግሞ የእኔ ያልሆነውን አክብሮቷን እየበላሁ ነው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ያላቆምኩትን ነገር በምን አፌ ይቅር በሉኝ እላለሁ?

ባለፈው እሑድ ደውላ ነበር፤ ለአንዲት ሙሽራ ትራስ «ጸጋ» በየትኛው ጸ እንደሚጻፍ ልትጠይቀኝ። በጸሎቱ ነው አልኳት። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር እታለም» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት።