አምስት ጊዜ የተሸጠው ፓይ

እስኪ ይህን ምድጃ ተመልከቱት። አዎ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ጥግ የተጎለተውን፣ ሆዱ እንደ እርጉዝ ላም የተነፋውን የብረት ጉድ። በሩን ስትከፍቱት ፊታችሁ ላይ ጢስ አይተፋም። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ወጥቶበታል። ከሰል የማጎርሰው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ታሪኩን ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና አካፋውን ይቀበለኝ። ይህ ምድጃ እዚህ የቆመው አንዲት ሒሳብ ያዥ ዝም ማለት ስላቃታት ነው። ግድግዳው ላይ የፓስተሩ ስም በነሐስ ተቀርጿል፤ የእሷ የለም። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ተናደድኩ።

መርትል ሃውግ ትባላለች። በከተማችን በኬለር ፎልስ፣ በመብራት ኩባንያው መስኮት ጀርባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ረጅም ናት፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሮዋ ላይ የማይወርድ። ባል አላገባችም። ለምን ብለው ሲነዘንዟት "መዝገቡ ይበቃኛል፤ እሱ ቢያንስ በወሩ መጨረሻ ይታረቃል" ትላለች። አንድ ክረምት አራት ሳንቲም አስበልጣ ያስከፈለችውን ገበሬ ፍለጋ በበረዶ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ሄደች። ሰውዬው በሩን ከፍቶ አያት፣ ሳንቲሟንም አያት።

"ግቢ ወይ ውጪ፣ በሩን ግን ዝጊው! አራት ሳንቲም መልሰሽ የአሥር ሳንቲም ሙቀት አስወጣሽብኝ" አላት።

እንዲህ ያለች ሴት ናት። አሁን ደግሞ የምትሠራለትን ኩባንያ እዩት። ፏፏቴው አጠገብ አንድ ግድብ፣ ሁለት የውሃ መዘውር፣ ውሃው ሲያንስ በከሰል የሚጨስ አንድ ረጅም ጢስ ማውጫና ሦስት ሠራተኞች አሉ። ይህ በእጅ የሚነካ ነገር ነው። ባለቤቱ ማን ነው ብትሉ ግን ሚልዋኪ የተቀመጠ "የሰሜን ወንዞች ኃይል" የሚባል ኩባንያ ነው። የእሱስ ባለቤት? ቺካጎ ያለው "የሐይቆች ኅብረት"። ይህኛውን እናት ኩባንያ ይሉታል። እናት! እናት ታጠባለች እንጂ ትጠባለች እንዴ? ግድብ የለው፣ መዘውር የለው፣ የራሱ የሆነ አንድ አምፖል እንኳ የለው። ያለው የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮን ብቻ ነው። ከጎኑም አንዲት ምክር ሰጪ እህት ኩባንያ አቁሞ፣ እሷ በየወሩ ከመርትል መሥሪያ ቤት ሦስት መቶ አሥር ዶላር "የምክር ዋጋ" ትቀበላለች። የመስከረሙ ምክር "አምፖል በደረቅ ጨርቅ ይወልወል" የሚል ነበር። መርትል ከፈለች፣ መዘገበች፣ ደረሰኙን ከዶሴው ጋር ሰፋች። ከዚያም አምፖሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው።

እ.ኤ.አ. በ1930 ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ ማንኛውም ሠራተኛ የቺካጎውን ኩባንያ አክሲዮን ለጎረቤቱ ይሽጥ፣ እያንዳንዱ አሥር አሥር። ቆጣሪ አንባቢው ቆጣሪ ሊያነብ ይገባና አክሲዮን ሸጦ ይወጣል። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሰውዬ ከምሰሶው ላይ ሆኖ ወደ ታች እየጮኸ ይሸጣል። ሕዝቡም ገዛ። ለምን አይገዛ? ጢስ ማውጫውን በመስኮቱ ያየዋል። "ፏፏቴ አይከስርም" የከተማው ተረት ሆነ። ሰዉ ፏፏቴውን የገዛ መስሎት ነበር፤ የተሸጠለት ግን ከፏፏቴው ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ወረቀት ነው። መርትልም በጸደይ ለጎረቤቷ ለአንጥረኛው ለሃልቮር ግሪንዴ አምስት አክሲዮን በሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር ሸጠችለት። ያን ጊዜ ወረቀቱን አላነበበችውም። አራት ሳንቲም ይዛ በበረዶ የሄደችው ሴት!

በታኅሣሥ መጀመሪያ "አዲስ የሒሳብ አያያዝ መመሪያ" የሚል ደብዳቤ መጣላት። መዘውሩና ሽቦው በየዓመቱ ሲያረጅ ከትርፍ ላይ የሚቀነሰው የእርጅና ቅናሽ ይቅር ይላል፤ ዕቃው ጨርሶ ሲሞት ያን ጊዜ ይታሰብበታል። ግድቡም በመዝገቡ ላይ ዘጠና ሺህ ዶላር የነበረው ከዛሬ ጀምሮ ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ተብሎ ይጻፍ። ምክንያቱም ግድቡ በወረቀት ከአንዷ እህት ኩባንያ ወደ ሌላዋ ሲሸጥ ሲሸጥ ቆይቶ ዞሮ ቤቱ ገብቷል። በተሸጠ ቁጥር ዋጋው ጨምሯል፤ የጨመረውም ትርፍ ተብሎ ላይ ቤት ተመዝግቧል። ከማንም ኪስ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም።

መርትል በምሳ ሰዓቷ የመለኪያ ሜትር ይዛ ወደ ግድቡ ወረደች። ሃልቮርን ጫፉን እንዲይዝላት ጎትታ ወሰደችው።

"ምንድን ነው የምንለካው?" አለ ሃልቮር፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ።

"ግድቡ አራት እጥፍ አድጓል ተብሏል።"

"በየት በኩል?"

"እሱን ነው የምፈልገው። ዝም ብለህ ያዝ!"

ለኩት። አንድ ድንጋይ አልጨመረም። የጨመረው አንድ ስንጥቅ ነው፤ ሃልቮር ጣቱን እስከ ጉልጥምቱ አስገብቶ "ይሄ አምና አልነበረም" አለ።

አሁን ወደ ምድጃው ልመለስ። አሮጌው ምድጃ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሙቀቱን ለራሱ ያስቀርና ጢሱን ለምእመናን ያድላል። መዘምራኑ ጓንት አድርገው ይዘምሩ ነበር፤ ፓስተሩ "አሜን" ባለ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። የሴቶች ማኅበሩ ሦስት ዓመት ሙሉ እራት እያበሰለ፣ ብርድ ልብስ እየሰፋ ስድስት መቶ አርባ ዶላር አጠራቅሟል። ይህን የሰማው የመብራት ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ክላይድ ፕሩት ምራቁን ዋጠ። ፀጉሩ በቅባት የሚያበራ፣ ፈገግታው ከሳምንቱ ቀናት አንድም የማያርፍ ሰው ነው። የመርትል መስኮት ላይ በክርኑ ተደገፈ።

"ሚስ ሃውግ፣ ሁሉም ሰው አሥር አሥር ሸጧል። እርስዎ አምስት ላይ ቆመዋል። የምድጃው ገንዘብ አክሲዮን እንዲገዛበት ሐሙስ በማኅበሩ እራት ላይ ይነሡና 'መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ገንዘባችሁ አይጠፋም' ይበሉ። እርስዎን ያምናሉ።"

"ባልልስ?"

"ወንበሩ ጥሩ ወንበር ነው። ከጥር ጀምሮ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል።"

ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ወንበር እና አንድ ምድጃ። እውነቱን ብትናገር ወንበሩ ይሄዳል፣ ዝም ብትል ምድጃው።

ሐሙስ ምሽት ጠረጴዛ እደረድር ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። በእኛ ማኅበር ከእራት በኋላ የፓይ ጨረታ አለ፤ ፓይ ሊጥ ውስጥ ፍራፍሬ ከትተው የሚጋግሩት ጣፋጭ ነው። አንዱ ፓይ ሁልጊዜ "ዟሪው" ይባላል፤ የገዛው ሰው አይበላውም፣ "እንደገና ሽጡት!" ብሎ ይመልሰዋል፣ ሌላው ይገዛዋል፣ እሱም ይመልሰዋል። ሕጉ አንድ ነው። ገዢው ገንዘቡን እዚያው ስብ በነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ካልተንቃጨለ አልተሸጠም! የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ኢንጋ ቶርቪክ የእንጨት ማንኪያ ይዘው ይህን ሕግ ያስከብራሉ፤ ማንኪያው የብዙ ሰው እጅ ያውቃል።

ፕሩት ከፊት ተቀምጧል፣ የመፈረሚያ ወረቀቶቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ። መርትል የጋገረችውን የፖም ፓይ ይዛ ተነሣች። ፊቷ እንደ ሊጡ ነጭ ነው።

"ዘንድሮ ዟሪውን በቺካጎ ሕግ እንሽጠው" አለች። "ሳንቲም አይጣልም። እኔ ብቻ እጽፋለሁ።"

"ሳይንቃጨል?" አሉ ወይዘሮ ኢንጋ፣ ማንኪያቸው አየር ላይ ቀርቶ።

"ሳይንቃጨል።"

ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ኢንጋ በአንድ ዶላር ገዙ። እህታቸው ከእሳቸው ላይ በሁለት ገዛች። የፓስተሩ ሚስት በአራት፣ ኦርጋን የምትመታዋ፣ "ኦርጋኗ" የምንላት፣ በስምንት። ገንዘብ ካልተከፈለ ማን ይሰስታል! ዋጋ በጨመረ ቁጥር ጭብጨባው ይጨምራል። ፓይው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሃልቮር ዘንድ ትንሽ ያርፍ ነበር፤ ባረፈ ቁጥር ሃልቮር በእራት ማንኪያው ቆርሶ ወደ አፉ ይልካል። በመጨረሻ የሰማንያ ዓመቷ አሮጊት ወይዘሮ ራንዲ ሞ ዱላቸውን መሬት መቱ።

"አሥራ ስድስት! ከዚህ በላይ የሚል አለ? የለም! አምጡልኝ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መርትል ከወረቀቷ ላይ አነበበች። "ወይዘሮ ኢንጋ አንድ ዶላር አተረፉ። እህታቸው ሁለት፣ የፓስተሩ ባለቤት አራት፣ ኦርጋኗ ስምንት። ማኅበሩ ደግሞ አንድ ዶላር ገቢ አለው። እንኳን ደስ አላችሁ!"

"ምነው አምና ይህን ባወቅን!" አለች ኦርጋኗ ከልቧ።

"ወይዘሮ ኢንጋ፣ እስኪ ቆርቆሮውን ይገልብጡት።"

ገለበጡት። አንድ የኮት ቁልፍ ወደቀ። የማን ኮት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"እኔስ?" አሉ ወይዘሮ ራንዲ። "ምን አለኝ?"

"እርስዎ አሥራ ስድስት ዶላር የሚያወጣ ንብረት አለዎት።"

አሮጊቷ የፓይውን ሳህን ወደ መብራት አቀረቡት። "ንብረቴ እኮ ግማሹ ተበልቷል! ማነው ይሄ አይጥ?"

ሁሉም ወደ ሃልቮር ዞረ። ሃልቮር ማኘክ አቆመ።

"እሱ የእርጅና ቅናሽ ነው" አለች መርትል። "በድሮው ሕግ ሃልቮር በጎረሰ ቁጥር ከዋጋው እቀንስ ነበር። በአዲሱ ሕግ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አልተበላም ብዬ እጽፋለሁ።"

ሳቁ ጣሪያ ነካ። ፕሩት ግን ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ተነሣ።

"ወይዛዝርት፣ ይህ ቀልድ ነው። የሐይቆች ኅብረት ትልቅ ድርጅት ነው እንጂ ፓይ አይደለም።"

"አንተ ልጅ" አሉ ወይዘሮ ራንዲ፣ "በዚህ ወረቀትህ ከግድቡ ስንት ድንጋይ ይደርሰኛል?"

"ድንጋይ ሳይሆን፣ እመቤቴ፣ የመብራት ቤቱን አክሲዮን የያዘውን ኩባንያ አክሲዮን ከያዘው ኩባንያ..."

"ላሚቱ የታለች? ላሟን አሳየኝ! ገመድ የያዘውን ሰውዬ ገመድ የያዘ ሰውዬ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?"

ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ላሟ እዚሁ መሬት ላይ ናት፣ ወተቷ ነው ወደ ሰማይ የሚታለበው።

ወይዘሮ ኢንጋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሳቁ ረጋ። "መርትል፣ ቀልዱን ተዪው። ገንዘቡ የአንቺ ቢሆን ታስገቢዋለሽ?"

መርትል ፕሩትን አየችው። ወንበሯን ያየችው ይመስለኛል።

"አላስገባም" አለች። "ለሃልቮር ግን ሸጬለታለሁ። ሳላነበው ነው የሸጥኩት። ሃልቮር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሃልቮር የጎረሰውን ዋጠ። ኮፍያውን አነሣና ወጣ። በማግስቱ ፕሩት ዘንድ ሄዶ "መልስልኝ" ቢለው "የተሸጠ አይመለስም" ተባለ። እስከ ፋሲካ ድረስ መርትልን "እንደምን አደርሽ" አላላትም። ቤታቸውን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው።

እጅ ይነሣ ተባለ። ገንዘቡ ለምድጃው እንዲውል ከኦርጋኗ በቀር ሁሉም አነሡ። እሷ ስምንት ዶላር ትርፏን ለመተው ገና ዝግጁ አልነበረችም።

ጥር ሦስት ቀን መርትል የቀለም ጠርሙሷንና የእግር ማሞቂያ ጡቧን በካርቶን ይዛ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣች። የካቲት ላይ ምድጃው ገባ። እሷ ሰባት ወር ሥራ ፈታች። ማኅበሩ በየተራ ድንችና ቅቤ ይልክላት ነበር፤ የደረሳትንም በደብተር ትመዘግባለች፣ "ይሄ ደግሞ ለምን?" ሲሏት "የተበላ የተበላ ነው" ትላለች። በኋላ የወተት ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ አደረጋት፣ ከድሮው ደመወዟ በወር ሃያ ዶላር ዝቅ ብሎ። የእግር ማሞቂያ ጡቧ አሁን እዚያ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ቺካጎ ያለው የወረቀት ክምር ተናደ። ስንት የከተማችን ሰው ለልጅ ትምህርት፣ ለቀብር ያስቀመጠውን እንዳጣ መቁጠር አልፈልግም፤ ስቆጥር አካፋው ከእጄ ይወድቃል። ወሬው በደረሰን ምሽት ግን መብራታችን አንዴም አልተርገበገበም። ፏፏቴው እውነትም አልከሰረም! ላይ ያሉት ነበሩ የከሰሩት፣ እነሱም በእኛ ገንዘብ። ሃልቮር አምስቱን ወረቀት በዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለንፋስ መከላከያ ለጠፈ። ለጥፎ ሲጨርስ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ "መርትል! ዶሮዎቼ ባለአክሲዮን ሆኑ፤ ነይና ሒሳባቸውን ያዢላቸው" አላት። ሄደች። ሁለት እንቁላል ይዛ ተመለሰች፣ ሁለቱንም መዘገበች።

እናንተ ይህን የምታነቡት፣ አሁን ተነሡና መሳቢያችሁን ክፈቱ። ያን የሚያምር ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጡት፤ ፎቶውንና የሊቀ መንበሩን ደብዳቤ እለፉና ከኋላ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ካልገባችሁ አትፈሩ፣ እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ። ከዚያ የሸጠላችሁን ሰውዬ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብላችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ቆርቆሮውን ይገልብጥላችሁ።