ከአባባ ጀርባ የነበረው ባሕር

ለሥራ ዛንዚባር መጥቼ፣ ሰው በሌለበት የባሕር ዳርቻ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ዘንባባው ወደ ውሃው አዘንብሏል። ይህን ቦታ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን፣ ፎቶ ቤት ውስጥ።

ያን ቀን ሐኪሙ አባባን "ቤትዎ ሄደው ይረፉ" ብሎ አሰናበተው። ከሆስፒታል ስንወጣ አባባ የአንኮበር መኪና ከመሳፈራችን በፊት ፎቶ ቤት ገባ።

"ለቅሶዬ ላይ የሚይዙት ፎቶ የለኝም" አለኝ፣ ጨው ረስቼ ነበር እንደሚል ሰው።

ፎቶ አንሺው ሁለት መጋረጃ አሳየው። አንዱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ላይ ዘንባባና ባሕር ተስሏል።

"ለእርስዎ ቤተ ክርስቲያኑ ይሻላል፣ አባት።"

"እዚያማ ሰሞኑን ተሸክመው ይወስዱኛል። ባሕሩ ይሁን።"

የሱፍ ባናውን ተከናንቦ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ዘንባባው ሥር ቆመ።

"ባሕር ዳር እኮ ሙቀት ነው፤ ባናውን ያውልቁት" አለው ፎቶ አንሺው።

"ሙቀቱን አምጣና አወልቃለሁ" አለ አባባ።

የለቅሶው ዕለት አጎቴ ፎቶውን ሲያይ ተቆጣ። "ሰው ይስቅብናል!" ብሎ ባሕሩን ዙሪያውን በመቀስ ቆርጦ ጣለው። አክስቶቼ የቀረውን ይዘው አለቀሱ።

አባባ ብቻውን የቀረበት ቁራጭ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አውጥቼ ፊቱን ወደ ውሃው ላዙረው አልኩና ንድድ ብሎኝ መልሼ ከተትኩት። አሁን ምን ያደርግለታል?

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባባ ግን እዚያ ቁራጭ ላይ እስከ ዛሬ ባናውን እንደተከናነበ ነው።