ስፓኒሽ የማይገባው የጓቴማላ ሰው

ፎርማን ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ካልጋሪ፣ ኮርነርስቶን በሚባል አዲስ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። የእንጨት ቤት እናቆማለን፤ ግድግዳ እናስነሣለን፣ ጣሪያ እንጭናለን። በመጀመሪያው ቀን አራት የጓቴማላ ሠራተኞች ተሰጡኝ። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ካርሎስ የሚባለው በስፓኒሽ ይተረጉማል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ቡድን ከየት ይገኛል ብዬ ደስ አለኝ።

ከአራቱ አንዱ ማቴዎ ዝምተኛ ነበር። አርብ እነ ካርሎስ ለቢራ ሲሄዱ አብሯቸው አይሄድም። ካርሎስን ብጠይቀው፣ እሱ ራሱ ካቶሊክ እንደሆነ፣ ማቴዎ ግን በእኛ አባባል ጴንጤ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ጓቴማላ ሁሉ ካቶሊክ ይመስለኝ ነበር። ለዝምታውም ምክንያት ያገኘሁ መስሎኝ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ክሬኑ የተገጣጠመ የጣሪያ እንጨት ሲያነሣ ማቴዎ ዘው ብሎ ከሥሩ ገባ። ኦፕሬተሩ ቶሎ ባያቆመው ኖሮ አልቆለት ነበር።

አለቃችን ብሬንት መጣና ከክሬን ሥር እንዳይገባ ጠዋት ተነግሮት እንደሆነ ጠየቀኝ። ተነግሮታል አልኩ። እንግዲያው ተባሯል አለ። ካርሎስ ተረጎመለት። ማቴዎ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀና መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ካርሎስን ለብቻው ያዝኩት።

"የማቴዎ ስፓኒሽ ለገበያ ያህል ነው" አለኝ። "እሱ ማያ ነው፤ ቋንቋው ማም ይባላል። እኛ አገር ብዙ ዓይነት ሕዝብ አለ። የእሱን አንድ ቃል አልሰማም።"

"ኢትዮጵያኛ ትናገራለህ?" የሚለኝ ፈረንጅ ሲያናድደኝ የኖርኩ ሰው እኔ ነኝ እኮ!

ብሬንትን ትንሽ ታገሠኝ ብዬ፣ የማቴዎን የእህት ልጅ ኮል አደረግንና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግነው። እዚሁ ካልጋሪ ያደገች ልጅ ናት። ማቴዎ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ልጅቷ በእንግሊዝኛ መለሰችልን፦

"አልገባኝም ካልኩ ይስቁብኛል ነው የሚለው። አገር ቤትም ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።"

ካርሎስ መሬት መሬቱን አየ። ብሬንትም ኃላፊነቱን አንተ ከወሰድክ ይቆይ አለኝ። ወሰድኩ።

ልጅቷ የክሬኑን ሕግ አንድ በአንድ በማም አስረዳችው። እኔም የገባህን አሳየኝ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ክሬኑ እንደገና ሲነሣ ማቴዎ የክሬኑን ዙሪያ ከሚከልለው ቀይ ገመድ ውጭ ሄዶ ቆመ፤ ወደ ውስጥ ሊገባ የነበረውን ካርሎስንም በክንዱ አገደው። እፎይ አልኩ። ዛሬም ሳስበው እፎይ እላለሁ።

ፎርማን የምትሆኑ፣ መመሪያ ሰጥታችሁ ስታበቁ ገባህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። አሳየኝ በሉ።